«ይባላል» የምትለዋ ቃል ስትወድቅ፦ የሐረር ታሪክና የኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ የወረደ እንግዳ ዙሪያውን ቃኝቶ ሳይጨርስ ስልኩን ያወጣል። «ሐረር» ብሎ ይፈልጋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ የቆመባት ከተማ የእስልምና አራተኛዋ ቅድስት ከተማ ናት። ሁለተኛ፣ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ናቸው። ሦስተኛ፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የኖረበት ቤት ከዚያው ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል።

ሦስቱም ለከተማዋ ክብር የሚሰጡ ናቸው። ሦስቱም በጉዞ መመሪያዎች፣ በጋዜጣ ጽሑፎች፣ በዩቲዩብ ቪዲዮዎችና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ሺህ ጊዜ ተደጋግመዋል። ሦስቱም አከራካሪ ናቸው።

አከራካሪ ማለት ሐሰት ማለት አይደለም። ነገሩን ያለው አንድ ወገን አለ፣ የለም የሚል ሌላ ወገን አለ፣ ማስረጃውም ገና አልተዘጋም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር እንዴት መጻፍ እንደሚገባ ደግሞ የታሪክ ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዛሬው አንባቢ ስለ ራሱ ከተማ እንኳ የሚያነበው መጀመሪያ ከኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ ከዊኪፒዲያ ነውና፣ እዚያ ላይ አንዲት ቃል ስትጨመር ወይም ስትወድቅ መዘዙ እስከ ፈረስ መጋላ ይደርሳል።

■ አራተኛዋ ቅድስት ከተማ

ዩኔስኮ ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ2006 ነው። ድርጅቱ ስለ ከተማዋ ባወጣው አጭር መግለጫ ውስጥ የቅድስናዋ ነገር የተጻፈው በጥንቃቄ ነው። አራተኛዋ የእስልምና ቅድስት ከተማ «ናት» አይልም፤ «ናት ይባላል» ይላል። ማን እንዳለ ግን አልነገረንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መከተል ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የሐረር ገጽ ነገሩን ለዓመታት የያዘው «ዩኔስኮ እንደሚለው» በሚል መግቢያ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ምንጭ ተጠቅሷል። ግን የተናጋሪው ማንነት ተቀየረ። ዩኔስኮ «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ነበር ያለው፤ አሁን «ዩኔስኮ እንዲህ ይላል» ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ጋዜጠኛ «ዩኔስኮ ያረጋገጠላት» ብሎ ጻፈ። ከእሱ የቀዳው ደግሞ ዩኔስኮንም ትቶ «የእስልምና አራተኛዋ ቅድስት ከተማ ሐረር» ብሎ ጀመረ። በአራት እርምጃ ወሬው ምስክር ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። ለዓለም ቅርስነት የሚቀርበውን ማመልከቻ የሚያዘጋጀው ቅርሱ ያለበት አገር ራሱ ነው። ባለሙያዎች ይመረምሩታል፣ ኮሚቴው ይወስናል፤ ስለ ቦታው የሚነገረው ታሪክ ግን በአብዛኛው ከአመልካቹ ይነሳል። ስለዚህ አንድ የአገር ቤት አባባል ፓሪስ ደርሶ ማኅተም ይዞ ሲመለስ፣ እዚሁ ያሉት ሰዎች «አያችሁ፣ ዓለም መሰከረልን» ሊሉ ይችላሉ። በ2011 አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ራንዳል መንሮ ይህን ዓይነቱን አዙሪት በአንድ አጭር ካርቱን ሥሎት መጠሪያም አውጥቶለት ነበር። ምንጭ የሌለው ነገር ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ ይጻፋል፣ ጋዜጠኛ ከዚያ ይቀዳል፣ ኢንሳይክሎፒዲያው ደግሞ ተመልሶ ጋዜጠኛውን በምንጭነት ይጠቅሳል።

ነገሩ በራሱ ምን ያህል ያስኬዳል? በእስልምና ትምህርት በታወቀው ሐዲስ ለጸሎት ተብሎ ጉዞ የሚደረግባቸው መስጊዶች ሦስት ናቸው፤ የመካው፣ የመዲናውና የኢየሩሳሌሙ አል አቅሳ። አራተኛ አልተጠቀሰም። ከዚያ በኋላ ያለው ወንበር ክፍት ነው፤ የሚቀመጡበትም ብዙዎች ናቸው። የቱኒዚያዋ ካይሩዋን በ1988 በዚያው በዩኔስኮ መዝገብ የገባች ስትሆን አራተኛ ቅድስት ከተማ የሚለው ስም ከሐረር ይልቅ ለእሷ ሲሰጥ ይሰማል።

የሚገርመው የሐረር ሰው ከተማውን ሲያወድስ ይህን ቁጥር የሚያስፈልገው አለመሆኑ ነው። ቀደምቱ የክብር ስሟ መዲነቱል አውሊያ ነው፤ የአውሊያዎች ከተማ ማለት ነው። ይህ ከሌላ ከተማ ጋር የማያወዳድራት፣ በውስጧ ባሉት የአዋቾች ብዛት የሚታይ፣ በነዋሪው ዕለታዊ ኑሮ ውስጥ ያለ ስም ነው። ዩኔስኮ የቆጠራቸው አዋቾች ብቻ 102 ናቸው። ኢንሳይክሎፒዲያው በቅድሚያ ይዞት የወጣው ግን የነዋሪውን ስም ሳይሆን ለቱሪስት የሚመቸውን ደረጃ ነው።

■ አሥረኛው ወይስ አሥራ አምስተኛው?

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ የሚጋጩት እምነትና አካፋ ናቸውና።

በሐረር ትውፊት የከተማዋ መሥራች አባት ሼኽ አባድር ናቸው። ስለ እሳቸውና ስለ ተከታዮቻቸው መምጣት የሚተርክ «ፈትሕ መዲነት ሐረር» የተባለ የዐረብኛ ጽሑፍም አለ። ጀርመናዊው ምሁር ኤቫልት ቫግነር በ1978 ይህንን ጽሑፍ አትሞ ሲያወጣ በርዕሱ ላይ «አፈ ታሪክ» እና «ታሪክ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ነበር ያስቀመጣቸው። የመስጊዶቹ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ዕድሜም ከዚሁ የጥንታዊነት ትውፊት ጋር የተያያዘ ነው።

ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር በሐረርና በአካባቢዋ ቁፋሮ አካሄደ። ውጤቱ በ2017 ሲታተም፣ በግንቡ ውስጥ ከተቆፈሩት ቦታዎች የተገኘው ዕድሜ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኋላ አልሄደም። ይኸው ቡድን ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ ግን የ12ኛ ክፍለ ዘመን መስጊድና ከሩቅ አገር የመጡ የንግድ ዕቃዎችን አገኘ። ከዚህም ተነስተው ጥንታዊው የእስልምና ማዕከል ሐርላ ሊሆን እንደሚችልና ሐረር ኋላ ላይ እንደገነነች የሚያስቡ አሉ።

ታዲያ ኢንሳይክሎፒዲያው ምን ይጻፍ? «ሦስቱ መስጊዶች የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው» ብሎ ቢተው ቁፋሮውን ደበቀ። «ትውፊቱ ሐሰት መሆኑ በቁፋሮ ተረጋገጠ» ቢል ደግሞ ቁፋሮው ያላለውን አስባለው። ጥቂት ጉድጓድ የሚናገረው ስለዚያ ጉድጓድ ነው፤ ሰው በሚኖርበት፣ ቤት ከቤት በተጣበቀበት ጁገል ውስጥ ያልተቆፈረው ከተቆፈረው ይበልጣል። ትክክለኛው አጻጻፍ ረዘም ያለና ለጭብጨባ የማይመች ነው፤ የከተማዋ ትውፊት ይህንን ይላል፣ ዩኔስኮም ይህንኑ ይዞ መዝግቧል፣ በ2017 የታተመው የቁፋሮ ውጤት ግን ይህን ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ ማስረጃ አላገኘም።

ግንቡም እንዲሁ ነው። ዩኔስኮ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ተሠራ ይላል። ሐረር ውስጥ የትኛውም ሽማግሌ ቢጠየቅ ግን መልሱ አንድ ስም ነው፤ አሚር ኑር። አሚር ኑር የኖሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እዚህ ላይ ከዩኔስኮው ሰፊ ዘመን ይልቅ ጠበብ ያለውን፣ ስምና ጊዜ ያለውን የያዘው የአገሬው አፍ ነው። የቃል ታሪክ ሁልጊዜ የሚያስረጅ፣ የጽሑፍ ምንጭ ሁልጊዜ የሚያጠራ ይመስለዋል ሰው፤ ግንቡ ይህን ግምት ያፈርሰዋል።

■ የራምቦ ቤት እና የራምቦ ስም

አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ ነው፤ የአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ከ1875 እስከ 1885 በቆየው የግብጾች አገዛዝ ሥር ነበረች። ድርጅቱ የተከራየው ቤት ደግሞ የግብጹ አዛዥ የራውፍ ፓሻ መኖሪያ የነበረውን ነው፤ ቦታው ፈረስ መጋላ። ራምቦ እስከ 1891 ድረስ በሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሐረር ኖሯል። በሚያዝያ 1891 ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ ከከተማዋ ወጣ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር ወር እዚያው ሞተ።

ዛሬ «ራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ባለ ፎቁ፣ ባለ ባለቀለም መስታወቱ የእንጨት ቤት ውብ ነው። ግን የሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ነው። ቤቱ የቆመበት ቦታ ላይ ቀድሞ ራምቦ የኖረበት ቤት ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህም የሚባል ነገር ነው። ባለቅኔው እንደኖረበት የታወቀው የፈረስ መጋላው ቤት ደግሞ ዛሬ የለም። ቱሪስቱ የመጀመሪያው ቤት በነበረበት አደባባይ ላይ ቆሞ ወደ ሁለተኛው ቤት መንገዱን ይጠይቃል።

ቤቱን «የራምቦ ሙዚየም» ማለት ስህተት የለበትም፤ በውስጡ የድሮ ሐረርን የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉ፣ መታሰቢያነቱም ለእሱ ነው። «ራምቦ የኖረበት ቤት» ሲባል ግን ሁለት ሰው ይጎዳል። አንደኛው አንባቢው ነው። ሌላው ቤቱን በእርግጥ ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። የህንድ ነጋዴዎች በሐረር ንግድና የቤት አሠራር ላይ ትልቅ አሻራ ነበራቸው፤ አንድ ሰው ባልኖረበት ቤት ስሙ ሲገባ የባለቤቱ ስም ይወጣል።

ከቤቱ የሚብሰው የስሙ ነገር ነው። በ1937 የኦክስፎርዷ ምሁር ኢኒድ ስታርኪ ስለ ራምቦ የኢትዮጵያ ዘመን ባሳተመችው መጽሐፍ ባለቅኔው በባሪያ ንግድ ውስጥ እጁ ነበረበት አለች፤ ማስረጃዋ የቆንስላ ደብዳቤ ነበር። ክሱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተሻገረ። በ1962 ጣሊያናዊው ማርዮ ማቱቺ ሰነዱን ከራምቦ የጉዞ ቀናት ጋር አስተያይቶ ክሱ እንደማይቆም ተከራከረ፤ ዛሬ አብዛኞቹ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ከእሱ ጋር ናቸው።

ይሁን እንጂ ራምቦ ነጻ ወጣ ብሎ ፋይሉን መዝጋትም አይቻልም። በታኅሣሥ 1889 ለምኒልክ አማካሪ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በጻፈው ደብዳቤ አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲልክለት ጠይቋል። ኢልግም በ1890 በሰጠው መልስ ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅና መግዛትም እንደማይፈልግ ነግሮታል። ስለዚህ «የባሪያ ነጋዴ ነበር» ማለት ሰነዱ የማይሸከመው ክስ ነው። «በባሪያ ጉዳይ ንጹሕ ነበር» ማለትም ሰነዱ የማይፈቅደው ምስጋና ነው። ሰነዱ የሚለው ሁለት ሰው መጠየቁን ነው። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ስም የሌላቸው ሁለቱ ልጆች ስለ ራምቦ ዝና በሚደረገው ሙግት መካከል ተረስተዋል።

■ ኢንሳይክሎፒዲያው ለዚህ ምን መድኃኒት አለው?

በ2001 የተጀመረው ዊኪፒዲያ ያለው ደንብ ለአከራካሪ ነገር የተሠራ ይመስላል። ሦስት ምሰሶዎች አሉት፤ የተጻፈው ነገር በታተመ ምንጭ ሊረጋገጥ ይገባል፤ ጸሐፊው የራሱን አዲስ ግኝት አያስገባም፤ ወገንተኛ አይሆንም፣ ለእያንዳንዱ አቋም በምንጮች ዘንድ ያለውን ክብደት ያህል ቦታ ይሰጣል። «ይባላል» የሚል ባለቤት የሌለው ቃል ሲያገኙ አርታኢዎች «ማን አለ?» የሚል ምልክት ይለጥፉበታል። ክርክሩም በየገጹ ጀርባ ባለው የውይይት ገጽ ላይ ለሁሉም በግልጽ ተጽፎ ይቀመጣል።

ይህ አሠራር ከሐረር በጣም ርቆ በሚገኝ ጉዳይ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። የፊልሞቹ ስም እዚህም የታወቀው የአሜሪካው የኮሚክ አሳታሚ ማርቭል ለአሥርት ዓመታት የሚነታረክበት ጥያቄ ነበረው፤ በ1961 የጀመሩትን ገጸ ባሕርያት የፈጠረው ማን ነው? ጸሐፊው ስታን ሊ ሐሳቡ የእኔ ነው ይል ነበር። ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ደግሞ በኋላ ዘመኑ እኔ ነኝ አለ። ከርቢ በ1994 ሞተ፤ ልጆቹ የመብት ጥያቄ አነሱ፣ በሁለት ፍርድ ቤት ተረቱ፣ በ2014 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ከኩባንያው ጋር ታረቁ። የስምምነቱ ዝርዝር ለሕዝብ አልተነገረም።

ኢንሳይክሎፒዲያ እዚህ ላይ ዳኛ መሆን አይችልም። የሚችለው ሊ ይህን አለ፣ ከርቢ ያንን አለ፣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ወሰነ፣ ቀጥሎ ታረቁ ብሎ እያንዳንዱን ቃል ለባለቤቱ መስጠት ነው። አንባቢው ከዚያ በኋላ የራሱን ፍርድ ይሰጣል። የሐረርም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ከማርቭል ጀርባ ጠበቃ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የታተመ ቃለ መጠይቅ መኖሩ ነው።

የደንቡ ድካምም እዚህ ይገለጣል። «የታተመ ምንጭ» ሲባል ያሳተመ ሰው ያሸንፋል። ሐረርን ለአውሮፓ አንባቢ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ከተማዋ ውስጥ የቆየው አሥር ቀን ብቻ ነው፤ የጻፈው መጽሐፍ ግን ዛሬም ምንጭ ሆኖ ይጠቀሳል። ዕድሜዋን በአንድ አዋች ጥበቃ ያሳለፈች አንዲት የሐረር እናት የምታውቀው ነገር በኢንሳይክሎፒዲያው ዓይን ምንጭ አይደለም። በ2011 ህንዳዊው አቻል ፕራባላ ከሌሎች ጋር ሆኖ በህንድና በደቡብ አፍሪካ ይህን ክፍተት ለመድፈን ሞክሮ ነበር፤ የአገሬውን ዐዋቂ ቃል በድምፅ ቀድቶ በምንጭነት ማቅረብ ይቻላል የሚል ሐሳብ ነበረው። ከደንቡ ጋር ተጋጭቶ ብዙ አልተራመደም፤ ጥያቄው ግን እንደቆመ ነው።

የሐረር ጉዳይ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ከተማዋ የቃል ብቻ ሳትሆን የጽሑፍም ከተማ ናት። የአብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የግል ሙዚየም በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ በርካታ የብራናና የወረቀት ጽሑፎችን ሰብስቦ ይዟል። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ የታተመው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» በየጽሑፉ ሥር የጸሐፊው ስም ያለበት፣ ተጠያቂው የሚታወቅበት ሥራ ነው። የሚጎድለው እነዚህን አንብቦ በአማርኛም በሐረሪም በአፋን ኦሮሞም የሚጽፍ ሰው ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ከ15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ብዙም አልዘለለም፤ አብዛኞቹም ከጥቂት መስመር አያልፉም። ስለ ሐረር የሚከራከረው ሰው ብዙ ነው፤ ክርክሩ የሚካሄደው ግን ምንጭ በማይጠየቅበት በኮሜንት መስጫ ሥር ነው።

■ ለምን ያሳስባል?

በሰኔ 2020 መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በተነሳው ቁጣ፣ ሐረር ውስጥ የነበረው የራስ መኮንን ሐውልት ተገርስሷል። አንዱ ወገን የአስተዳዳሪና የአድዋ ጀግና ሐውልት ወደቀ አለ፤ ሌላው የወራሪ ሐውልት ወደቀ አለ። ሁለቱም ወገን ታሪክ ያውቃል፤ ሁለቱም የሚያውቀውን ከሆነ ቦታ አንብቧል ወይም ሰምቷል። ጥቂቱ ብቻ ነው ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ በምን እንዳወቀው ጠይቆ የሚያውቀው።

በእንዲህ ዓይነት አገር «ይባላል» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። በዜና «እንደ ፖሊስ ገለጻ» የምትለዋን ሐረግ አውጥቶ ክሱን ብቻ ማስቀረት ምን እንደሚያደርግ የዚህ ዘመን አንባቢ በደንብ ያውቃል። በታሪክም ያው ነው። ተናጋሪው ሲጠፋ ንግግሩ እውነት ይመስላል፤ እውነት የመሰለ ነገር ሲነካ ደግሞ ሰው ይቆጣል።

ቀድሞ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባል ነበር። አዋጅ ግን ባለቤት ነበረው፤ ማን እንዳወጀው ይታወቅ ነበር። የዛሬው አሰሚ ባለቤቱን እየጣለ ቃሉን ብቻ ያሻግራል።

ሐረርን የሚወድ ሰው አራተኛ ናት ሲሉት መቆጣትም ማጨብጨብም አይጠበቅበትም። ማን እንዳለ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ራምቦ ቤት የሚያስጎበኝ ወጣትም እንግዳውን መጀመሪያ ፈረስ መጋላ ላይ አቁሞ «የመጀመሪያው ቤት እዚህ ነበር፤ አሁን የምናየውን የሠራው የህንድ ነጋዴ ነው» ቢለው ጉብኝቱ አይበላሽበትም። እንግዳው አንድ ሊያይ መጥቶ ሁለት ታሪክ ይዞ ይሄዳል።